በሲሲ ብቻ የገዛሁት ኢንጀክተር

ቨርጂኒያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞኛል። መሽቷል፣ ይበርዳል። የፊት መብራት በርቷል፣ ማሞቂያው እየነፋ ነው። የኋላ መስታወቱን ማሞቂያ ስጫን መኪናዬን ሳል ያዛት። የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ750 ወደ 500 ወረደ፣ ወደ 1,100 ዘለለ፣ እንደገና ወረደ። የቤንዚን ሽታ ገባኝ። አጠገቤ የቆመው ሹፌር አየኝና መስኮቱን ዘጋ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሞተሩ ጠፋ።

ኢንጀክተር፣ ማለትም ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ፣ ከቀየርኩ ገና ስድስት ቀኔ ነበር። ሞተሩን ላጠነክር ብዬ ነበር የቀየርኩት።

መኪናዬ የ2011 ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ናት። 2.5 ሊትር፣ ኢጄ255 የሚባለው ሞተር፣ ቱርቦ ያላት፣ ከፋብሪካ በ265 የፈረስ ጉልበት የወጣች። እዚህ ቨርጂኒያ አካባቢ ያለን ሐበሾች ካምሪና ፕሪየስ ነው የምንወደው። ይህቺን ስገዛ ዘመድ ሁሉ "ሥራ ፈትተሃል እንዴ?" አለኝ። ብዙም አልተሳሳቱም።

ነገሩ የጀመረው ቱርቦውን ትንሽ ከፍ ባለ ስቀይር ነው። ትልቅ ቱርቦ ብዙ አየር ይገፋል፣ ብዙ አየር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል። ቲዩን የሚያደርግልኝ ልጅ (ቲዩነር ይሉታል፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያስተካክል) ላፕቶፑን ሰክቶ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሙሉ በሙሉ እንድረግጥ አደረገኝ። ከዚያ ወዲያው "ልቀቅ! ልቀቅ!" አለ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር አሳየኝ። አንደኛው የአየርና የቤንዚን ሚዛን ነው፤ 11.1 መቆየት ሲገባው ላይኛው ዙር ላይ 12.3 ደርሷል። ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ሁለተኛው ዲዩቲ ሳይክል የሚሉት ነው። 98 በመቶ ይላል።

ይቺን ዲዩቲ ሳይክል ቀስ ብለን እንያት። ሞተሩ በ6,000 ዙር ሲሽከረከር አንድ ሲሊንደር ሙሉ ሥራውን ጨርሶ ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው በ20 ሚሊሰከንድ ነው። ኢንጀክተሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተከፍቶ፣ ረጭቶ፣ መዘጋት አለበት። 98 በመቶ ማለት ከ20ው 19.6ቱን ተከፍቶ ነው የሚቆየው። የሚዘጋበት ጊዜ የለውም። ከዚያ በላይ ኮምፒውተሩ "ጨምር" ቢለው የሚጨምረው ነገር የለም። ቧንቧው እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ባልዲው ግን አልሞላም። በኔ ሞተር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ኢጄ255 ቤንዚን አንሶት በቱርቦ ግፊት ከተረገጠ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የሚቀመጥበት የፒስተን ጠርዝ እንደሚሰበር የሱባሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሞተር ማውረድ ማለት ነው።

ስለዚህ ኢንጀክተር መግዛት ነበረብኝ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

ለልጅ ጫማ ሲገዛ "ግድ የለም፣ ያድግበታል" ተብሎ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ይገዛ የለ? እኔም እንደዚያ አሰብኩ። የፋብሪካው ወደ 500 ሲሲ ገደማ ነው (በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ይረጫል ማለት ነው)። ኢንተርኔት ላይ አራቱ በ140 ዶላር፣ 1,300 ሲሲ የሚል አገኘሁ። ወደፊት ኃይል ብጨምርም ይበቃኛል አልኩ። በላስቲክ ተጠቅልለው መጡ። ወረቀት የለ፣ ቁጥር የለ፣ ምን የለ።

ከገጠምኩ በኋላ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ስትረገጥ ደህና ናት። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረገጥ ስትሠራ፣ ግን ትንቀጠቀጣለች። ጠዋት ለመነሳት ሦስት አራት ጊዜ ትለምናለች። ቤንዚን ትጠጣለች።

መጀመሪያ የሄድኩት አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ሐበሻ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ካንዴላዎቹን ፈቱና በመሀረብ ላይ ደረደሯቸው። ሦስቱ ጥላሸት ለብሰዋል። አራተኛው ነጣ ብሏል።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ችግሩ?" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ ሦስቱ ጠግበው አንዱ ጾሙን አድሯል። ኢንጀክተሩን ከየት አመጣኸው?"

ነገርኳቸው። ዋጋውንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ካንዴላዎቹን መልሰው አጠበቁና "ሂድና አስለካው" አሉኝ። ሂሳብም አልተቀበሉኝም። ያ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ።

አስለካሁት። ኢንጀክተር የሚያጥቡና የሚለኩ ሱቆች አሉ። መስታወት ቱቦ ላይ ደርድረው እኩል ግፊትና እኩል ሰዓት ሰጥተው ያስረጩታል። የአራቱ ውጤት 1,310፣ 1,285፣ 1,240 እና 1,165 ሆነ። በትልቁና በትንሹ መካከል 11 በመቶ ልዩነት አለ። ደህና የሚባል ስብስብ በ2 በመቶ አካባቢ ነው የሚለያየው።

ይህ ልዩነት ለምን አደገኛ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ኮምፒውተሩ ለአራቱም የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር የሚያነበው ደግሞ የአራቱን ድምር ጭስ ነው። ሦስቱ በዝቶባቸው አንዱ ቢያንሰው ሴንሰሩ "መካከለኛ ነው፣ ደህና ነው" ይላል። ጾም የዋለው ሲሊንደር ሌሎቹ ጀርባ ተደብቆ ይቃጠላል።

መንቀጥቀጡ ግን ሌላ ምክንያትም ነበረው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኢንጀክተር የሚመርጥ ሰው ከሲሲ ቀጥሎ፣ እንዲያውም ከሲሲ በፊት፣ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው።

ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲሠራ የሚፈልገው ቤንዚን እጅግ ትንሽ ነው። እኔ ደብተር ላይ እንዳሰላሁት በሰዓት 0.8 ሊትር ገደማ ቢጠጣና በ750 ዙር ቢሠራ፣ አንድ ኢንጀክተር በአንድ ጊዜ የሚረጨው ከአንድ ጠብታ ውሃ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። የፋብሪካው 500 ሲሲ ያንን ለመርጨት 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይከፈታል። የኔ 1,300 ግን 0.4 ሚሊሰከንድ ብቻ። በባልዲ የቡና ስኒ መሙላት ሞክሩ። ይሞላል፤ ግን እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም።

በዚያ ላይ ኢንጀክተር ትእዛዝ ሲሰጠው ወዲያው አይከፈትም። ውስጡ ያለው መርፌ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተስቦ እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል። ያ ጊዜ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ሌተንሲ ወይም ዴድ ታይም ይሉታል። ይህ ጊዜ በባትሪው ቮልት ይለዋወጣል። ቮልት ሲወርድ ማግኔቱ ይደክማል፣ መርፌው ይዘገያል። ኮምፒውተሩ ይህንን የሚያካክሰው የያንዳንዱ ቮልት ሌተንሲ ተለክቶ ከገባለት ብቻ ነው። 14 ቮልት ላይ ስንት፣ 13 ላይ ስንት፣ 12 ላይ ስንት።

አሁን ወደ ኮሎምቢያ ፓይክ ተመለሱ። መብራት፣ ማሞቂያ፣ የኋላ መስታወት። ቮልቱ ከ14.2 ወደ 13.1 ወርዶ ነበር። የኔ ኢንጀክተሮች ወረቀት ስለሌላቸው ቲዩነሩ ያስገባው ቁጥር ግምት ነው። የመርጫ ጊዜው 0.4 ብቻ ሆኖ የሌተንሲው ግምት በ0.15 ቢሳሳት ሚዛኑ ምን እንደሚሆን አስቡት። በፋብሪካው ትንሽ ኢንጀክተር ላይ ያው ስህተት የሚያደርሰው ጉዳት ከግማሽ ያነሰ ነው። በትልቁ ላይ ሞተር ያጠፋል።

ስለዚህ ሻጭን አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው "የሌተንሲ ዳታው አለህ ወይ?" ብዬ ነው። ለኔ ሞዴል፣ በቮልት የተዘረዘረ፣ አነስተኛ የመርጫ ጊዜ ላይ ያለውንም ጠባይ የሚያሳይ። ከሌለው ኢንጀክተሩ ወርቅ ቢሆንም አልገዛም። ኢንጀክተር ዳይናሚክስ፣ ዲችወርክስና ፊውል ኢንጀክተር ክሊኒክን የመሳሰሉት አምራቾች ዳታቸውን ስለሚያወጡ ነው ቲዩነሮች የሚወዷቸው። ሁለተኛው ጥያቄዬ "ሲሲው በስንት ባር ተለክቶ ነው?" የሚል ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። የተለመደው መለኪያ 3 ባር ነው። ፍሰት በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሚጨምር በ4 ባር የተለካ ኢንጀክተር በ15 በመቶ ይተልቃል። በ4 ባር 1,300 የተባለው በ3 ባር 1,126 ነው። ያው ዕቃ፣ ሌላ ቁጥር።

መጠኑስ እንዴት ይመረጣል? አንድ እሁድ ከቁርስ በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ የቤት ብድር የማሰላ መስሏት ደስ ብሏት ነበር።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ጉልበት በሐቅ ጻፉ። በሕልም አይደለም፣ ቱርቦው በእርግጥ የሚሰጠውን። እኔ 350 የፈረስ ጉልበት ጻፍኩ። የቱርቦ ቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ከ0.55 እስከ 0.65 ፓውንድ ቤንዚን ይበላል። 0.6 ያዙ። 350 በ0.6 ሲባዛ 210 ፓውንድ በሰዓት። ለአራት ስትካፈል 52.5። ኢንጀክተሩ ከ80 በመቶ በላይ እንዲከፈት ስለማንፈልግ ለ0.8 አካፍሉት፣ 65.6 ይሆናል። አንድ ፓውንድ በሰዓት ወደ 10.5 ሲሲ በደቂቃ ነው፤ ስለዚህ 690 ሲሲ ገደማ። በቃ። እኔ የሚያስፈልገኝ 690 ነበር፣ የገዛሁት 1,300። ያድግበታል ያልኩት ጫማ የአባቱ ሆኖ ተገኘ።

ግን አንድ ነገር ይቀራል፣ ኢ85። እዚህ አሜሪካ አንዳንድ ማደያዎች ኤታኖል የበዛበትን ቤንዚን ይሸጣሉ። ስሙ 85 ይሁን እንጂ ኤታኖሉ እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ከ51 እስከ 83 በመቶ ይለያያል። ማንኳኳትን (ቤንዚኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለጊዜው መፈንዳቱን) ስለሚቋቋም የቱርቦ ሰዎች ይወዱታል። ነገር ግን ከቤንዚን 35 በመቶ ያህል ተጨማሪ መርጨት ይጠይቃል። 690ው ወደ 930 ይወጣል። እኔ ለጊዜው 93 ኦክቴን ቤንዚን ብቻ ነው የምጠቀመው፤ ወደፊት ግን ኢ85 ልሞክር እችላለሁ ብዬ 1,050 አካባቢ ያለውን መረጥኩ። ኢንጀክተር ዳይናሚክስ 1050ኤክስ። አራቱ ከነመግጠሚያቸው ወደ 600 ዶላር ወሰዱ። ኢ85 የማታስቡ ከሆነ 750 ወይም 800 ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁን ለሌላ አስቀምጡ።

ፓምፑን እንዳትረሱ። እኔ ረስቼው ነበር። ቱርቦ ያለበት ሞተር ላይ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው የቱርቦውን ግፊት እየተከተለ ይጨምራል። መነሻው 43.5 ፒኤስአይ (ሌላ የግፊት መለኪያ፣ 3 ባር ማለት ነው) ነው እንበል። ቱርቦው 19 ሲገፋ ፓምፑ 62.5 ማድረስ አለበት፤ ካለበለዚያ ኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ ያለው አየር ቤንዚኑን መልሶ ይጫነዋል። ፓምፕ ደግሞ ግፊት ሲበዛበት የሚያወጣው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር አትመኑ፤ "በ60 ፒኤስአይ ስንት ያወጣል?" በሉ። አዲስ ኢንጀክተር ያረጀ ፓምፕ ላይ መግጠም ሰፊ ጉሮሮ ላለው ሰው በስትሮ ማጠጣት ነው። ፊልትሮውንም አብሬ ቀየርኩ።

አካላዊ ነገሩን ቶሎ ልለፍ። ርዝመቱ፣ የላይኛው ኦ ሪንግ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ስፋት (11 ወይስ 14 ሚሊሜትር)፣ የሶኬቱ ዓይነት ከመኪናችሁ ጋር መግጠም አለበት። ኤስቲአይ የሚባሉት ጠንካራ ወንድሞቿ፣ ከ2004 እስከ 2006 ያሉት፣ ቤንዚን ከጎን የሚገባበት ሌላ ቅርጽ ነው የሚይዙት፤ የኔ ከላይ ነው። 2015ና ከዚያ በኋላ ያለ ደብልዩ አር ኤክስ ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ እዚሁ አቁሙት፤ የናንተ ሲሊንደሩ ውስጥ በቀጥታ የሚረጭ ነው፣ ጨዋታው ሌላ ነው።

የኢንጀክተሩን ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም) በቴስተር ለኩ። አብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ከ12 እስከ 16 ኦም ያለውን ነው የሚፈልጉት። ከ2 እስከ 4 ኦም የሚያሳይ ከሆነ ዝቅተኛ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። እንደ ሚትሱቢሺ 4ጂ63 ያሉ የ1990ዎቹ ቱርቦዎች ላይ ይገኛል፤ እነሱ ግን ከፋብሪካ የሚያግዝ ሬዚስተር አላቸው። ያለ ሬዚስተር ሌላ መኪና ላይ ብትሰኩት ኮምፒውተሩን ያቃጥልላችኋል። ልኬቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። የቦሽ ስም ያለበት ሁሉ ቦሽ አይደለም። ዋጋው ከሌላው ሁሉ በግማሽ ከወረደ ጠርጥሩ። የኔ 140 ዶላር ምስክሬ ነው።

ገጠማውን ራሴ ነው ያደረግኩት፣ በሁለተኛውም ጊዜ። የፓምፑን ፊውዝ አወጣሁ፣ ሞተሩ ጠጥቶ እስኪጠፋ አስነሳሁት፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት እንዲወጣ ነው። ከዚያ ባትሪውን ነቀልኩ። ኢንጀክተሮቹ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው ከማኒፎልዱ (ከአየር ማስገቢያ ቧንቧዎቹ) ሥር ይገኛሉ። እጅ አይገባም፣ ይቧጭራል። ኦ ሪንጎቹን ጥቂት የሞተር ዘይት ቀባሁና ቀጥ አድርጌ ገፋሁ። አንዱ ግን እምቢ አለኝ። አዘንብዬ ጫንኩት። ጠቅ ብሎ ገባ። ተሳካልኝ ብዬ ብሎኑን አጠበቅኩ።

ምስጋና ለልማዴ ይሁን፣ ከማስነሳቴ በፊት ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ኦን ላይ ብቻ አድርጌ ፓምፑ ግፊት እንዲሞላ አደረግኩና በባትሪ መብራት አየሁ። አራተኛው ኢንጀክተር አናት ላይ ቤንዚን እንደ እንባ ይንጠባጠባል። ኦ ሪንጉ ስገፋው ተቆርጧል። ሳላይ አስነስቼ ቢሆን ኖሮ ያ ቤንዚን የጋለ ሞተርና ቱርቦ ላይ ይወርድ ነበር። እሳት ማጥፊያ አጠገቤ አስቀምጬ ነበር፣ ግን ፈንጂ ላይ ቆሜ የዳንኩ ያህል ጉልበቴ ከዳኝ። ትርፍ ኦ ሪንግ ግዙ። የ2 ዶላር ዕቃ ነው።

ከዚያ ቲዩን። አዲስ ኢንጀክተር ገጥሞ ከፋብሪካው ፕሮግራም ጋር መንዳት አይቻልም፤ ኮምፒውተሩ ገና 500 ሲሲ እንዳለ ነው የሚያምነው፣ ከሁለት እጥፍ በላይ ይረጫል። ሱባሩ ላይ ብዙ ሰው አዲሱን ፕሮግራም ለመጫን ኮብ አክሰስፖርት የሚባለውን መሣሪያ ይጠቀማል። ቲዩነሩ የሌተንሲውን ሰንጠረዥና የፍሰቱን ቁጥር እንዳለ ከወረቀቱ ገለበጠ። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ሚኒሞ ላይ 750፣ ጸጥ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል የነዳጅ ማስተካከያውን፣ ፊውል ትሪም የሚሉትን፣ እየተከታተልኩ ነዳሁ። ኮምፒውተሩ በራሱ ስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያል። በ5 በመቶ ውስጥ ከሆነ ሰላም ነው። የኔ በ3 ውስጥ ነው። በነዚያ በ1,300ዎቹ ጊዜ ሚኒሞ ላይ ቀንስ 18 ያሳየኝ ነበር፣ እኔ ግን ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ በየ2 ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ፤ ከሞተር ጋር የምትጫወቱ ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ አጣሩ። የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃን መንቀል በፌዴራል ሕግም ያስቀጣል።

ቪዲዮ ልኬለት ያየ አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ደውሎ "ያንኑ ላክልኝ" አለኝ። የሱ መኪና ናፍጣ ናት። የናፍጣ ኖዝል ጨርሶ ሌላ ግፊት፣ ሌላ ሙያ ነው፤ ፖምፓ ወደሚሠራ ሰው ሂድ አልኩት። ጓደኛውም የቤንዚን ቱርቦ አለው ተባልኩ። እሱ ደግሞ ሂሳቡን ሲሠራ አንድ ነገር ልብ ይበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከዚህ በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦው ያንኑ 19 ፒኤስአይ ቢያሳይም ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከኔ ያንሳል፣ ስለዚህ ጉልበቱም የሚፈልገው ቤንዚንም ያንሳል። ኢ85 ፍለጋም አያስፈልገውም፣ እዚያ አይሸጥም። እኔ ከገዛሁት ያነሰ ይበቃዋል።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ለክተናል። 6,000 ዙር ላይ ዲዩቲ ሳይክሉ 55 በመቶ፣ ሚዛኑ 11.1 ላይ እንደተቸነከረ። ጋሼ ጋር ወስጄ አሳየኋቸው። አስነስተው አዳመጡ፣ ነዳጅ ሰጪውን ትንሽ ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ይዘዋት ወጥተው ብሎኩን ዞረው ተመለሱ።

"ኢንጀክተርህ ደህና ነው" አሉኝ ቁልፉን እየሰጡኝ። "ፍሪሲዮንህ ግን መንሸራተት ጀምሯል።"